ሳይቀመጥ የበረረ ሽማግሌ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔም ይህን ተረት አምኜ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብዬ ኖርሁ። ጎረቤት ሲጣላ ዝም፣ ስብሰባ ላይ ዝም፣ ሐኪም ቤት የት ጋ ነው የሚያምዎት ሲሉኝ እንኳ በጣቴ አሳይቼ ዝም። ሰው ግን ዝም ያለን ሰው ዝም ብሎ አይተወውም። ዝምታ ባዶ ዕቃ ይመስለዋል መሰለኝ፣ ያገኘ ሁሉ የራሱን እህል ይጨምርበታል። አንዱ ጥበብ ነው ይለዋል፤ ሌላው ኩራት ነው ይለዋል፤ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስንፍና ትለው ነበር። እናንተም ዝምተኛ ዘመድ ካላችሁ እስቲ ልብ በሉ፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሸሸውን ነገር የሚሸከመው እሱ ነው። ወድዶ እንዳይመስላችሁ። እምቢ እስኪል ድረስ የጠበቀው ሰው ስለሌለ ነው።

ወደዚህ ወደ ሜልቦርን ስመጣ ደግሞ ዝምታዬ ቤቱን አገኘ። ለዝምተኛ ከዚህ የተሻለ አገር የለም። ሰዎቹ ደህና ነህ ወይ ብለው ይጠይቁሃል፤ መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። ትራም ውስጥ አርባ ሰው ተሳፍሮ አንድ ቃል ሳይወጣ ከተማ መሃል ይደርሳል። መጀመሪያ ጊዜ ሳየው ለቅሶ ቤት የሚሄዱ መስሎኝ ከንፈሬን መጠጥሁ።

በእኛው ሰው መካከል ግን ዝም ያለ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ አንድ ደህና ሙሉ ልብስ ያለው ሽማግሌ ትልቅ ሀብት ነው። ለምን ብትሉ፣ ለሽምግልና። ወጣቱ ልጅ ሊያገባ ሲያስብ ሦስት ሽማግሌ ወደ ልጅቷ ወላጆች ይልካል። አንደኛው የሚናገር ነው። ሁለተኛው የሚያግዝ ነው። ሦስተኛው ለክብደት ነው። እኔ ክብደቱ ነኝ። በዚህ ሥራ ሰባት ቤት ደጅ ቆሜያለሁ፤ በሰባቱም አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ ሰባቱም እሺ ብለው ሰጥተዋል። በዚህ የተነሣ ገደኛ ነው ተባልሁ። ጋሽ ደምሴ የቆመበት ደጅ እምቢ አያውቅም ተባለ። እኔም ሰምቼ ዝም አልሁ። ስሕተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ጊዜው ሞባይል የያዘ ሐበሻ በሰፈራችን ሁለት ብቻ የነበረበት ዘመን ነው፤ ሁለቱም ታክሲ ነጂዎች ናቸው፤ የሚደዋወሉትም እርስ በርሳቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ብሩክ የሚባል ልጅ አለ። ቀን ይማራል፣ ሌሊት ከተማ መሃል ትልቅ ሕንፃ ይጠብቃል፣ እሑድ ኪቦርድ ይጫወታል። እዚህ አገር አባትም እናትም የለውም። ይህ ልጅ የነርስ ትምህርት የምትማረውን ሰናይትን ወደደ። እሷም ወደደችው። ሁለቱ በመካከላቸው ከተስማሙ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኛ ሽማግሌዎች የምንላከው ያለቀውን ነገር ለማስጀመር ነው። የቀረችው እናቷ ብቻ ነበረች።

ይህን ወግ እኔ እያወራሁ የምትጽፈው ራሷ ሰናይት ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እናቷን በሚመለከት የጎደለ ነገር ብታገኙ እጄ የለበትም።

እናቷ እትዬ አስካለ ትባላለች። ባሏ ካርቱም ላይ ሞቶባት አንዲት ልጇን አንጠልጥላ የመጣች፣ ሴንት አልባንስ በሚባለው ሰፈር አሮጌ ቤት ይዛ፣ የመኪና ወንበር በሚሰፋበት ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ብሩክ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባት ሁለቴም መልሳለታለች። የመጀመሪያዎቹን፣ ስላረፈዱ። ሁለተኞቹን፣ አንደኛው እየተናገረ በመሃል ኪሱ ስለጮኸ። ከሁለቱ ሞባይሎች አንዱ እሱ ጋ ነበር። ሦስተኛ እምቢ ከተባለ ደግሞ በእኛ ደንብ ነገሩ ያበቃለታል። ሰናይትም ከእናቴ ቃል አልወጣም ብላለች። ልጁ ከሰውነት ተራ ወጣ። እሑድ ኪቦርዱን ሲነካው የደስታው መዝሙር ሁሉ እንደ ለቅሶ ይወጣ ጀመር። ጉባኤው ይህን መስማት ሲሰለቸው ነው ነገሩ ወደ እኔ የመጣው።

ሦስታችን ቅዳሜ ቀን ሄድን። ተናጋሪያችን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ሀብታሙ ነው፤ ያለ ማይክሮፎን የሚሰማ ሰው። አጋዡ ገመቹ ነው፤ የወለጋ ሰው፣ አማርኛን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የተማረ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ሲነዳ ትከሻውን ተጎድቶ ወርክኮቨር በሚሉት የሥራ ጉዳት ካሣ የሚኖር። ሦስተኛው ክብደቱ።

እትዬ አስካለ በሩን ከፈተችልን። ሳሎኑ መሃል የካውያ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የሥራ ቱታ ትተኩስ ነበር።

"ተቀመጡ" አለችን።

"ለጉዳይ መጥተናል፤ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አለ ሀብታሙ።

ደንቡ ይህ ነው። ሽማግሌ እሺ ሳይባል ወንበር አይነካም። ባለቤቱ ኧረ ተቀመጡ፣ ኧረ በሞቴ እያለ ይለምናል፤ ሽማግሌው ይግደረደራል፤ በመጨረሻ እሺ ይባልና ሰውም ወንበርም ያርፋል። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው የተኖረው።

"እንግዲያው ቁሙ" አለችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

እንዲህ ያለ መልስ በዘራችን ተሰምቶ አያውቅም። ሀብታሙ ደነገጠ፤ ቢሆንም የተዘጋጀበትን ንግግር ከአዳም ጀመረ። በኖኅ በኩል አድርጎ አብርሃም ጋ ደረሰ። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ ሄዶ ርብቃ ግመሎቹን ውኃ ስታጠጣ፣ እትዬ አስካለ ሦስት ሱሪ ተኩሳ ጨርሳለች። ገመቹ ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው ያዛውር ጀመር።

"ደከማችሁ?" አለች ቀና ሳትል። "እኔ ማሽን ፊት በቀን ስምንት ሰዓት ቆማለሁ። እናንተ ገና ግማሽ ሰዓታችሁ ነው።"

"ኧረ አልደከመንም፣ እትዬ" አለ ገመቹ። "እኔ ትከሻዬ ነው እንጂ እግሬ ደህና ነው።"

በመጨረሻ ካውያዋን አቆመችና አየችን። "ልጁ ጨዋ ነው፤ አውቃለሁ፤ ምንም አይወጣለትም። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈራው። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። እሷን ከሰጠሁ ባዶ ቤት ነው የሚቀረኝ። በጭንቄ ቀን ከጎኔ የሚቆም ወገን አለው ወይ ይህ ልጅ? ወይስ ልጄን ይዞ መሄድ ብቻ ነው?"

ሀብታሙ ይህን ጥያቄ እንደ በዓል ምግብ ተቀበለው። "አለው እንጂ! እኛ አለን! የፈለጉትን ይዘዙን፣ እትዬ አስካለ! ተራራ ቢሉን እንወጣለን፤ ገደል ቢሉን እንወርዳለን!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እትዬ አስካለ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሥር አንድ ፖስታ አወጣች። ውስጡ ደመና የተሣለበት ወረቀት ነበር። ነገሩን እንደነገረችን ልንገራችሁ። ፋብሪካው ውስጥ በሻይ ሰዓት ሴቶቹ ሲጫወቱ፣ በሕይወትሽ የሚቆጭሽ ነገር ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። እሷም ከካርቱም ስመጣ አውሮፕላን ውስጥ በፍርሃት ዓይኔን ጨፍኜ እየጸለይሁ ሰማዩን ሳላየው ደረስሁ አለቻቸው። ለጨዋታ ነው። የፈረንጅ ሥራ ባልደረባ ግን ጨዋታህን ይመዘግባል። ዘጠነኛ ዓመቷን አስመልክተው ተዋጡና ከአውሮፕላን በጃንጥላ የመዝለያ ወረቀት ገዝተው፣ በኬክ አጅበው፣ እያጨበጨቡ ሰጧት። ሰማዩን እዪው ብለው። ለሁለት ሰው ነው፤ ብቻሽን እንዳትፈሪ ብለው። ከመዝለሉ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ልምምድ አለው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እሷ ምን አደረገች? አመስግና ተቀበለች። በደስታ የሰጡህን ስጦታ መመለስ ነውር ነው። ከአውሮፕላን መውደቅ ይሻላል።

"ሰናይት እምቢ አለችኝ" አለች። "የቤተ ክርስቲያን እህቶችም ፈሩ። እንግዲህ ወገን ነን ካላችሁ ከመካከላችሁ አንዱ አብሮኝ ይግባ።"

ዝምታ ወረደ። ያን ጊዜ እንኳ ዝምታው የሁላችንም ነበር።

"እትዬ አስካለ" አለ ሀብታሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ዝቅ ሲል እንደ ሌላው ሰው ነው። "ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወደ ታች ወርውር ያለው ማን ነበር? ይህ ጌታን መፈታተን አይሆንም?"

"ልምምዱ ምድር ላይ ነው። ጫፍ የለውም።"

"ታዲያ ልጁ ራሱ ለምን አይገባም? ጎረምሳ ነው።"

"እሺ ሳልል የልጁ እግር ደጄን አይረግጥም፤ ዓይኑም ዓይኔን አያይም። ደንብ ነው አላላችሁም?"

ሀብታሙ ደም ግፊቱን አስታወሰ። ገመቹ ትከሻውን ያዘ። "እኔማ ብበር ወርክኮቨር ይሰማል" አለ። "ፎርክሊፍት ለመንዳት ያመመው ትከሻ ለመብረር ዳነ ወይ ይሉኛል። ደግሞ በእኛ አገር ሽማግሌ ዛፍ ሥር ይቀመጣል እንጂ አየር ላይ ሲቀመጥ አልሰማሁም።"

ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። መናገር ነበረብኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ሥልሳ ስድስት ዓመት ያልተሄደበት መንገድ ሆኖበት ዘገየ እንጂ።

"ጋሽ ደምሴ ዝም ብለዋል" አለ ሀብታሙ ፊቱ እየበራ። "ዝምታ ፈቃድ ነው!"

"ጌታ ይባርክዎት" አለች እትዬ አስካለ። "መልሴን እዚያው ልምምዱ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ሂዱ።" ሳንቀመጥ ወጣን።

በሳምንቱ ቅዳሜ ብሩክ በአሮጌ መኪናው ሦስታችንን ወሰደን። ቦታው ከባሕሩ ወደብ ወዲህ ያለ የድሮ የሱፍ መጋዘን ነው፤ ሁለት ጡረታ የወጡ ዘላዮች ተከራይተውት የነፋስ ቤት አድርገውታል። ብሩክ መኪናዋን ከቤቱ ማዶ አቆመና አማቱ እንዳታየው ወንበሩ ላይ ዝቅ ብሎ ተጋደመ። በዚያ ዕለት ከሁላችንም በላይ ደንብ ያከበረ እሱ ነበር።

ነገሩን ላላየ ላስረዳ። ከአውሮፕላን አፍንጫ ላይ የሚሽከረከረውን ነገር አውልቀው በጀርባው አስተኝተውታል። ከላዩ ወፍራም የሽቦ መረብ ወጥረዋል። ዙሪያውን በሳንቃ ግድግዳ አጥረው በር አብጅተውለታል፤ ሰው የሚያይበት መስታወትም አለው። ሞተሩ ሲነሣ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ አንተ መረቡ ላይ በሆድህ ትተኛለህ፤ ነፋሱ ያነሣሃል። ሰው ከሰማይ ሲወድቅ የሚሰማውን በምድር እንዲለምደው ነው አሉ። አስቡት እንግዲህ፤ መውደቅን ለመልመድ የሚከፈልበት አገር። እኛ ሳንለማመድ ስንቱን ወደቅን!

አሠልጣኙ ግሌን ይባላል። ፊቱ በፀሐይ እንደ ሸክላ የበሰለ፣ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ነው። ሰናይት ልታስተረጉም መጥታለች። መጀመሪያ ወረቀት አስሞላን። አንድ ነገር ቢሆኑ ለማን እንንገር ይላል ወረቀቱ። እኔ ዝም አልሁ። ሰናይት ዙሪያዋን አየችና በኔ ወረቀት ላይ ጻፈች።

"ማንን ነው የጻፍሽው?" አለች እናቷ።

"ብሩክን። ጋሽ ደምሴን ሁሌ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው እሱ ነው።"

እትዬ አስካለ ወረቀቱን ትንሽ ቆየት ብላ አየችው። እንደኔው ማንበብ የማትችል መሆኗን የማያውቅ ሰው የምታነብ ይመስለው ነበር። ፈረምሁ፤ ማለቴ መስቀለኛ ጭረት አደረግሁ።

ከዚያ በሆዳችን አግዳሚ ላይ አስተኙን። ሆድህ ይቀመጣል፣ ሌላው አካልህ ሁሉ ይነሣል፤ አገጭ ወደ ላይ፣ ክንድ ወደ ጎን፣ ጉልበት እጥፍ። ግሌን በየመካከሉ "ሪላክስ!" ይላል። ሰውነትዎን ይልቀቁት ነው የሚለው አለች ሰናይት። ከገረረህ ነፋሱ ይጥልሃል፤ ከታጠፍህም ትወድቃለህ፤ ተዘርግተህ ከለቀቅህ ግን ይይዝሃል። እኔ መሬት ነው የማውቀው። መሬት ጠንክረህ ስትቆምለት ነው የሚይዝህ። ይህን ልነግረው አሰብሁና ተውሁት።

"ሂዝ ቬሪ ካልም!" አለ ግሌን እኔን እያሳየ።

"በጣም የረጉ ናቸው ይላል" አለች ሰናይት። አያችሁ ዝምታን? በእንግሊዝኛም ያው ነው።

ሰማያዊ ቱታ አለበሱን። ከረባቴን ሊያወልቁ ሲሉ እጄን አነሣሁ። ሽምግልና ላይ ነኝ። ያለ ከረባት ሽምግልና አልሄድም። ግሌን ትከሻውን ነቀነቀና ከረባቴን ቱታው ውስጥ ወሸቀው። ሄልሜት ደፉልኝ፣ መነጽር አደረጉልኝ፣ ጆሮዬን ደፈኑልኝ። ሀብታሙና ገመቹ ከመስታወቱ ማዶ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። አጠገባቸው ወንበር ነበረ። አልተቀመጡም። እነሱም ሽምግልና ላይ ናቸው።

ሞተሩ ተነሣ። ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሀብታሙ አፉ ሲከፈት ሲዘጋ አያለሁ፤ ድምፁ የለም። በዕድሜዬ ሀብታሙን ያሸነፈ ነገር ያን ዕለት ብቻ አየሁ።

እትዬ አስካለ ቀድማ በሩ ላይ ደረሰች። ደረሰችና ቀረች። የበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። ግሌን ከውስጥ እጁን ዘርግቶ ይጠራታል፤ እሷ የበለጠ ትጨብጣለች። ጣቶቿ እንደ ነጭ ሽንኩርት ነጡ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። ከካርቱም እንዲሁ ሆና ነው የመጣችው አልሁ በልቤ። ሰናይት ከመስታወቱ ማዶ አፏን በእጇ ይዛለች። እናቷ አሁን ከተመለሰች አፍራ ነው የምትመለሰው፤ ያፈረ ሰው ደግሞ እሺ አይልም። ይህን እኔም፣ መኪናው ውስጥ የተጋደመውም፣ ሁላችንም እናውቃለን።

ክብደቱ መግባት ነበረበት። በእሷ ብብት ሥር ሾልኬ ገባሁና መረቡ ላይ በሆዴ ወደቅሁ።

ነፋሱ አነሣኝ። እውነቴን ነው፣ አነሣኝ! አንድ ክንድ፣ ከዚያ ሁለት ክንድ። ጉንጬ ከፊቴ ተላቅቆ ወደ ጆሮዬ ሄደ። ከረባቴ ከቱታው ሾልኮ ወጣና አናቴ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጅ ሳለሁ አውድማ ላይ እህል ስናናፍስ፣ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይቀራል፤ እኔ ገለባ ልሁን ፍሬ ሳይለይልኝ እዚያ መሃል ላይ ተንጠለጠልሁ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል የሰማሁት ትዝ አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። የቆርቆሮ ጣሪያና አንዲት እርግብ።

ከዚያ ፈራሁ። አሮጌ ሰው ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ይቀመጣል። አየር ላይ መሆኔን ረስቼ፣ ጉልበቴን ሰብስቤ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ልክ ዱካ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጥሁ። ነፋሱ ወዲያው ከዳኝ። በመቀመጫዬ መረቡ ላይ ዘጭ! አልሁ። ተቀምጬ ቀረሁ፤ ከረባቴ አሁንም ቆሟል። ከመስታወቱ ማዶ ሀብታሙ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይጮሃል። በኋላ ገመቹ እንደነገረኝ "ኧረ ጉድ! ጋሽ ደምሴ እሺ ሳይባል ተቀመጡ! ደንቡ ፈረሰ!" እያለ ነበር።

እትዬ አስካለ ዓይኗን ገለጠች። እኔን አየች፤ ከረባቴን አየች፤ ሀብታሙን አየች። ሳቀች። ሳቅ ስላችሁ፣ ሰው ሆዱን የሚያስይዝ ሳቅ። ሆዷን ልትይዝ እጇን ከበሩ ላይ አነሣች።

ነፋሱ የሚጠብቀው ይህን ነበር። ወሰዳት። እየሳቀች ስለነበር መገረር አልቻለችም፤ ተዘረጋች፤ ቱታዋ እንደ እርጎ ቅል ተነፋ፤ ከግሌን ራስ በላይ ወጣችና እዚያ ቀረች። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር። ግሌን አንድ ጣቱን ብቻ ቱታዋ ላይ አስነክቶ ይዟታል፤ በኋላ እሱንም ተወው። እኔ እታች ተቀምጬ ሽቅብ እያየኋት ነበር። ምን አሰብሁ? ምንም። መቀመጫዬን አሞኝ ነበር።

ሞተሩ ቆመ። ወጣን። እትዬ አስካለ ሄልሜቷን አወለቀች፣ ጠጉሯን በእጇ አስተካከለች፣ በመስኮቱ በኩል ማዶ ወደቆመችው አሮጌ መኪና አየች፤ ከመኪናዋ መስኮት በታች የአንድ ሰው ግንባር ብቻ ይታይ ነበር።

"ያን ልጅ ጥሩት" አለች። "አንገቱ ይሰበራል።"

ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። ወደ ወንበሮቹ በእጇ አመለከተችና አንድ ቃል ተናገረች።

"ተቀመጡ።"

ሀብታሙ ተቀመጠ። ገመቹ ተቀመጠ። ሰናይት እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ ግን ለአራት ቀን መቀመጥ አልቻልሁም።

ዝላዩስ ትሉኝ ይሆናል። እኔን ግሌን በአክብሮት አሰናበተኝ፤ እርስዎ ለመሬት የተፈጠሩ ሰው ነዎት አለኝ፤ ከፈረንጅ የሰማሁት እውነተኛ ቃል ይህ ነው። እሷ ከሠርጉ በኋላ ዘለለች፤ ከግሌን ጋር ታስራ። ቀኑ ሦስት ጊዜ በዝናብ ተላለፈ፤ በአራተኛው ጠራ። እኔ ሜዳው ላይ ቦርሳዋንና ጫማዋን ይዤ ቆምሁ። ስትወርድ ምን አየሽ አልኋት። "ሁሉንም አየሁት" አለች። "ላሚቱ የለችም።"

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ከመስታወቱ ማዶ የነበረው የግሌን ባልደረባ ፎቶ አንስቶን ኖሯል። እትዬ አስካለ ትልቅ አስደርጋ ሳሎኗ ውስጥ ሰቀለችው፤ እሷ ከላይ እንደ መልአክ፣ እኔ ከታች ተቀምጬ ከረባቴ ቆሞ። የመጣ ሁሉ ያየዋል። ሴት ልጅ ያለው ሁሉ አየው። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ሜልቦርን ሽምግልና እንደ ድሮው አልሆነም። የልጅቷ ወገን "የእትዬ አስካለ ሽማግሌ በነፋስ ላይ ወጣ፤ እናንተስ ምን አድርጋችኋል?" ይል ጀመር። ሰንበሪ በሚባለው ሰፈር ገመቹ የሄደበት ቤት አባትየው ጣሪያ አስጠግኖታል። ትከሻው ያኔ ነው የዳነው። ሀብታሙም ደም ግፊቴ ባሰብኝ ብሎ ከሽምግልና ወጣ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው ቤቴ መጣ። ለልጁ ሽማግሌ እንድሆንለት ነው። የልጅቷ አባት ፖይንት ኩክ በሚባለው ሜዳ ላይ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ገዝቷል አለኝ፤ ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ሰውየው በእርጅናው ውኃ ውስጥ ጠልቆ ዓሣ ማየት ጀምሯል፤ ብቻውን መግባት ግን ይፈራል። ይህን ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

ዝም ልል ነበር። ልማድ ነው። ከዚያ ነፋሱ ትዝ አለኝ፤ መቀመጫዬ ትዝ አለኝ፤ ሳይዘገይ ተነሣሁና በሕይወቴ ጮክ ብዬ የማላውቀውን ያህል ጮክ ብዬ አንድ ቃል ተናገርሁ።

"አይሆንም!"

ሰውየው ፈገግ አለ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። "አውቄዋለሁ፣ ጋሼ" አለኝ። "ጨዋ ሰው በመጀመሪያ እሺ አይልም። ኧረ በሞቴ! ኧረ በልጆቼ!"

አያችሁ? ዝም ስል ፈቃድ ነው ተባልሁ። እምቢ ስል መግደርደር ነው ተባልሁ። ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው እውነቱን ነው፤ አይነቅዝም። ይበራል፣ ይሰምጣል እንጂ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊወስደኝ ይመጣል። ዋና አልችልም። ከረባቴን ግን አስተኩሻለሁ።